ኬኬልዋ ከታንኳ የወደቀችበት ዓመት

ኬኬልዋ ሙዩንዳ ለሁለተኛ ዲግሪ ስትመዘገብ አርባ ስድስት ዓመት ሞልቷት ነበር። ከዚያ በፊት አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሞንጉ ከተማ ውስጥ አንደኛ ክፍል አስተምራለች። በከተማው ሚኒባስ የሚነዳውም፣ ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ የሚቆመውም፣ ክሊኒክ መርፌ የምትወጋውም ፊደል የቆጠሩት ከእሷ ነው። ገበያ መሀል ስታልፍ ጢም ያወጡ ወንዶች ሳይታወቃቸው እጃቸውን ከኪሳቸው ያወጣሉ። ድምፅዋ ሦስት ክፍል አልፎ ይሰማል። ጣቷን ቀስራ «አንተ!» ካለች ያጠፋውም ያላጠፋውም እኩል ይነሳል።

የወረዳው ትምህርት ቢሮ የጎልማሶችን ትምህርት የሚመራ ሰው ሲፈልግ ስሟ ተነሳ። ሆኖም ቦታው በጎልማሶች ትምህርት የተመረቀ ሰው ይፈልግ ነበርና «መጀመሪያ ተምረሽ ነይ» አሏት። ይህን ስትሰማ ሳቀች።

«የስድስት ዓመት ልጅ ወንበር ላይ ያስቀመጥኩ ሴት፣ ራሱ የሚቀመጥ ሰው ማስተማር ያቅተኛል?» አለች ቤት ገብታ።

ኖሲኩ የምትባል ታላቅ እህት አለቻት። አብረው ነው የሚኖሩት፤ ኖሲኩ ደረቅ ዓሣ ትነግዳለች። የዓሣ ቅርጫቷን እያራገፈች፣ «ሕፃን ቢጠላሽ የት ይሄዳል? ትልቅ ሰው ግን ቤት አለው፤ ተነስቶ ይሄድልሻል» አለቻት።

«ከእኔ ክፍል ተነስቶ የሄደ የለም።»

«እሱንማ አውቃለሁ። በር ላይ ትቆሚ የለ!»

እኔ ያወቅኋት ሉሳካ ነው። ሙቢታ እባላለሁ፣ የሴናንጋ ሰው ነኝ፤ ያኔ የገበሬ ማኅበራትን አሠለጥን ነበር። ትምህርቱ የሁለት ዓመት ነው። ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ወራት ዋና ከተማው ሉሳካ ሄደን ሦስት ሦስት ሳምንት እንማራለን፣ ከዚያ ወደየሥራችን ተመልሰን የቤት ሥራችንን እየላክን እንከርማለን። ሃያ አንድ ነበርን። ወህኒ ቤት ውስጥ የሚያስተምር ነበረ፣ አዋላጆችን የምታሠለጥን ነበረች፣ አንድ ቄስም ነበሩ። ከሁላችንም በዕድሜ የምትበልጠው ኬኬልዋ ናት፤ የፊተኛው ወንበር የእሷ ነው። እርሳሷን ቀርጻ፣ ደብተሯ ላይ በማስመሪያ መስመር አስምራ ትጠብቃለች።

አስተማሪያችን ዶክተር ሙሌንጋ ከእሷ በአስር ዓመት የሚያንሱ ቀጭን ሴት ናቸው፤ ሲናገሩ ወደ ፊት ጠጋ ካላልክ አይሰማም። በመጀመሪያው ቀን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁን። «በዚህ ዓመት ከዜሮ ጀምሮ አዲስ ነገር የተማረ ማነው?» አሉ። ቄሱ ብቻ ብስክሌት መንዳት ጀምረው እንደ ተዉት ተናገሩ። «ለምን ተዉት?» ሲሏቸው «ምዕመኖቼ አዩኝ» አሉ። ሁላችንም ሳቅን። ዶክተሯ ግን አልሳቁም፤ «ይህን ጻፉት» አሉን። ኬኬልዋ ጻፈችው፤ ነገር ግን ወደ እኔ ዘንበል ብላ «ይሄ ዲግሪ ነው ወይስ ጨዋታ?» ማለቷ አልቀረም።

የመጀመሪያ ጽሑፋችን ሲመለስ አርባ ስምንት አገኘች። ማለፊያው ሃምሳ ነው። ግርጌው ላይ እንዲህ ተጽፏል፦ «ስለ ተማሪዎችዎ ስምንት ገጽ ጽፈዋል። ከስምንቱ ገጽ ግን የአንዳቸውንም ድምፅ አልሰማሁም።» ያን ቀን ምሳ አልበላችም። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ «እኔ አርባ ስምንት? እኔ ኬኬልዋ?» ስትል ሰማኋት።

ጽሑፉን ደግማ ጽፋ አለፈች። ዋናው ፈተና ግን ልምምዱ ነበር። በሁለተኛው ዓመት እያንዳንዳችን የጎልማሶች ክፍል ከፍተን ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ እንድናስተምር፣ በመጨረሻም ዶክተሯ መጥተው እንዲያዩን ተወሰነ። ሲመጡ ቢያንስ አስር ተማሪ ተቀምጦ መገኘት አለበት። ያ ካልሆነ ዓመቱ ይደገማል። ለኬኬልዋ ዓመት መድገም ማለት የቢሮው ቦታ ለሌላ ሰው ሄደ ማለት ነው።

ክፍሏን ከሞንጉ ብዙም በማትርቅ ሉታንጎ በምትባል መንደር ከፈተች። ሉታንጎ በየዓመቱ ጎርፍ ከሚሞላው ትልቅ ሜዳ ጠርዝ ላይ ያለች ናት፤ ወንዙ ሲሞላ ውኃው እደጇ ድረስ ይመጣል። ሃያ ሦስት ሰው ተመዘገበ፤ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ ከሰዓት በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ይማራሉ። ኬኬልዋም አስራ ዘጠኝ ዓመት የሠራችበትን መንገድ ይዛ ገባች። የፊደል መዝሙር አዘመረቻቸው። በደንብ ለመለሰ አስጨበጨበች። ያረፈደውን በር ላይ አቆመች። የልጅ ልጅ ያዩ ሴቶች ዓሣ ሲያጥቡ ቆይተው እየሮጡ መጥተው፣ እጃቸው ዓሣ ዓሣ እየሸተተ፣ በር ላይ ቆሙ።

ከተማሪዎቿ አንዱ ንዳቴ ሙኬላባይ ነበሩ። ንዳቴ እኛ ዘንድ ታላቅ ሰው የሚጠራበት ነው፤ አባት እንደ ማለት። ዕድሜያቸው ስልሳ ሰባት፣ ሥራቸው ከግንድ ታንኳ መጥረብ ነው። በሜዳው ላይ ከሚንሳፈፈው ታንኳ እኩሌታው የእጃቸው ሥራ ነው ይባላል። ትምህርት ሲመጡ ብዙ ጊዜ የተጣጠፈ ጋዜጣ በብብታቸው ይይዛሉ፤ ማንበብ አለመቻላቸውን መንደሩ ሁሉ እያወቀ አንድም ሰው ተናግሮት አያውቅም።

በአምስተኛው ሳምንት ወደ ሰሌዳው ጠራቻቸው። «ስምዎትን ይጻፉልን» አለች። ጠመኔውን ተቀበሉ። መጥረቢያ እንደ ላባ የሚያነሳ እጅ ጠመኔውን ጨምድዶ ያዘ። የስማቸውን የመጀመሪያ ፊደል፣ ኤምን፣ ገለበጧትና እግሮቿ ወደ ሰማይ ቀሩ።

ኬኬልዋ በልምዷ፣ ሳታስበው፣ «ውይ! ሕፃናት እንኳ እንዲህ አይጽፉም!» አለች። ክፍሉ ሳቀ።

ሽማግሌው ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርገው አስቀመጡት። እጃቸውን አራገፉ። «አመሰግናለሁ ልጄ» ብለው ጋዜጣቸውን ይዘው ወጡ።

በማግሥቱ አስራ አምስት ሰው መጣ። በሳምንቱ ዘጠኝ። የካቲት ሲያልቅ አራት ቀሩ፤ ከአራቱም አንዷ የምትመጣው ዝናብ ለመጠለል ነበር።

ኬኬልዋ እኔ ጋ ደወለች። ያ ሦስት ክፍል የሚያልፍ ድምፅ አሁን የለም።

«ሙቢታ፣ ልተወው ነው።»

«ምኑን?»

«ዲግሪውን ነዋ። የቀረኝ ስድስት ሳምንት ነው፣ አራት ሰው ነው ያለኝ። አንዷን ደግሞ ከዝናብ ጋር ነው የምቆጥራት።»

ምክር ሰጠኋት፤ ዛሬም አፍርበታለሁ። «ስኳር ግዢና ለመጣ ሰው ሁሉ አድዪ» አልኳት። እውነት ነው የገዛችው። በሚቀጥለው ሰኞ አዳራሹ ሞላ፤ ሠላሳ ሰው መጣ። ስኳሩ ታደለ፤ ሰዉ አመስግኖ፣ እጁን አጨብጭቦ፣ ጎንበስ ብሎ እየተሰናበተ ወጣ። ከሩብ ሰዓት በኋላ የቀሩት እነዚያው አራቱ ናቸው። ማታ ደውላ «ምክርህ ጣፋጭ ነው» አለችኝና ዘጋችው።

ኖሲኩ ግን ነገሩን ሌላ ቦታ ይዛዋለች። «ያስቀየምሽው ሰው አለ አይደል? መጀመሪያ እዚያ ሂጂ። አንድ ሰው በር ላይ ቆሞ ተቀይሞ ሳለ ሌላው እንዴት ይግባ?» አለቻት።

ኬኬልዋ ሄደች። ሽማግሌው ግቢያቸው ውስጥ ግንድ እየጠረቡ ነው። ተንበርክካ እጇን አጨበጨበች፤ ታላቅ ሰው ሰላም የሚባለው እንዲህ ነው። እሳቸውም መጥረቢያቸውን አኑረው በዚያው አጸፋውን መለሱ።

«ንዳቴ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት።»

«ለምኑ?»

«ያን ቀን… ሰሌዳው ላይ።»

«ምን ሆነ ሰሌዳው ላይ?»

መናገር አቃታት። እሳቸውም አልረዷትም። በመጨረሻ፣ «ታንኳ ትቀዝፊያለሽ?» አሏት።

«እኔ? የከተማ ልጅ ነኝ። ተቀምጬ ነው የምሻገረው።»

«የሎዚ ሴት፣ የዚህ ሜዳ ሕዝብ ልጅ ሆነሽ ቆመሽ አትቀዝፊም? በይ ነገ ጠዋት የታንኳው መጠጊያ ላይ ነይ። አስተምርሻለሁ።»

ልትቀር አስባ ነበር፤ የወሰዳት እልኋ ነው። ጠዋት መጠጊያው ላይ ሴቶቹ ዕቃ ያጥባሉ፣ ዓሣ ይሰነጥቃሉ፤ ከመካከላቸው ስድስት ሰባቱ ክፍሏን ጥለው የሄዱ ናቸው። ጫማዋን አውልቃ፣ ቀሚሷን ወገቧ ላይ አሥራ፣ ጠባቡ ታንኳ ላይ ቆመች። ሽማግሌው ውኃው ውስጥ ቆመው ጠርዙን ይዘውላታል። ረጅሙን መቅዘፊያ አቀበሏት።

«ጉልበትሽን ላላ አድርጊ። አትዪው፣ ውኃውን አትዪ፤ ፊት ለፊት እዪ።» ለቀቋት።

ሦስት ጊዜ ቀዘፈች። በአራተኛው ታንኳው በአንድ በኩል፣ እሷ በሌላ በኩል ሄዱ። ውኃው ከወገብ አያልፍም፤ እሷ ግን ሙሉ በሙሉ ገባችበት፤ ስትወጣ ጭንቅላቷ ላይ የውኃ ሣር ተጠምጥሟል።

ሴቶቹ እንዴት ሳቁ! አንዷ ሴፒሶ የምትባለው ድስቷን ጥላ ሆዷን ያዘች። «ውይ ቲቸር! ሕፃናት እንኳ እንዲህ አይወድቁም!» ብላ ጮኸች።

ኬኬልዋ ስትነግረኝ እንዲህ አለች፦ ፊቷ ጋለ፤ ወደ ቤቷ መሄድ፣ ሁለተኛ ከዚያ መንደር አለመድረስ ብቻ ነበር የምትፈልገው። መቅዘፊያውን ወርውራ ወደ ዳር ጀመረች። ሽማግሌው አልሳቁም። ተንሳፍፎ የሄደውን መቅዘፊያ አምጥተው ያዙላትና ቆሙ። ሂጂም ነይም አላሏትም።

እሷም ቆመች። ከፀጉሯ ውኃው ይንጠባጠባል።

«ይቆጠቁጣል» አለች።

«ይቆጠቁጣል እንጂ።»

«ንዳቴ፣ ይቅር ይበሉኝ። ያን ቀን ያልኩት… ሳላስበው ነው። ግን ብያለሁ።»

«እንግዲህ አሁን ጥፋቱን በስሙ ጠራሽው» አሏት። «በይ ታንኳው ላይ ውጪ፣ ይጠብቅሻል። ጉልበትሽን አጥብቀሽ ነው የወደቅሽው፤ እኔም ያን ቀን ጠመኔውን አጥብቄ ነው።»

ያን ጠዋት አራት ጊዜ ወደቀች። በአምስተኛው እስከ ሸምበቆው ሄዳ ተመለሰች። ስትመለስ የሚስቅ አልነበረም፤ ሴፒሶ «ክርንሽን አውርጂ! ክርንሽን!» እያለች ከዳር ሆና ታስተምራታለች።

ዳር ላይ ተቀምጣ ልብሷን ስታደርቅ ሽማግሌውን ጠየቀቻቸው። ትምህርቱ ሲጀመር መጠየቅ የነበረባትን ነው የጠየቀችው። «ለምን ነበር ማንበብ የፈለጉት?»

«ማንበብ ማን ፈለገ? መጻፍ ነው የፈለግሁት። ሰው ታንኳ ሲያሠራ ስሙ እንዲጻፍለት ይፈልጋል። እኔ ሠርቼ ጨርሼ፣ ስም የሚቀባ ጎረምሳ ከከተማ አስመጣለሁ። ታንኳው ከእኔ እጅ ወጥቶ የሚያልቀው በሌላ ሰው እጅ ነው። እኔ ራሴ በመሮ ልቀርጸው ነበር።»

ሴፒሶ ከጎን ጣልቃ ገባች። «እኔስ ምን እንደምፈልግ አትጠይቂኝም? ባሌ ስልኩን እያየ ለብቻው ይስቃል። በምን እንደሚስቅ ማወቅ እፈልጋለሁ!»

«ማወቁ ይሻልሻል ወይ?» አለቻት ሌላዋ፤ ሳቅ ሆነ።

ኬኬልዋ በእርጥብ እጇ ደብተሯን አውጥታ የሁሉንም ጻፈች። አንዷ የልጇን የክሊኒክ ካርድ፣ አንዷ የመዝሙር መጽሐፉን ማንበብ ትፈልጋለች፤ አንዷ ደግሞ «ምንም፤ ቤት ውስጥ መቀመጥ ሰልችቶኝ ነው» አለች። ያንንም ጻፈችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍሉ ከአዳራሹ ወጥቶ መጠጊያው አጠገብ ያለው የማንጎ ዛፍ ሥር ሆነ። ያረፈደ ይቀመጣል እንጂ አይቆምም። መዝሙሩ ቀረ። ንዳቴ ሙኬላባይ በጣውላ ላይ በመሮ ፊደል ይቀርጻሉ፤ ኤም አሁን በእግሯ ቆማለች። ሰዉ አንድ ሁለት እያለ ተመለሰ። ኬኬልዋ አንዳንዴ ልማዷ ይመጣባትና አፏን በእጇ ትይዛለች፤ ያን ጊዜ ሴፒሶ «ዋጪው፣ ቲቸር፣ ዋጪው» ትላታለች።

ዶክተር ሙሌንጋ በሚመጡበት ቀን ጎርፉ ሜዳውን ሐይቅ አድርጎታል። መንገዱ ተቆርጦ መኪናቸው ቆመች፤ በሰው ታንኳ ተሻግረው፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ እስከ ጉልበታቸው ርሰው አንድ ሰዓት አርፍደው ደረሱ። አስራ ሰባት ሰው ዛፉ ሥር አለ። ኬኬልዋ የዕለቱን ዕቅድ ሌሊቱን ስትሠራው ያደረች ቢሆንም የሚያስፈልጋት አልሆነም፤ ሰዉ ጠብ ላይ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎርፍ ሲሆን የጤና ጣቢያው ጀልባ በሳምንት አንድ ቀን ይመጣል፤ ቀኑ የተጻፈበት ማስታወቂያ በዚያ ጠዋት ዛፉ ላይ ተለጥፏል። በእኛ ቋንቋ ማክሰኞ ላቡቤሊ፣ ረቡዕ ደግሞ ላቡላሉ ነው፤ አጀማመራቸው አንድ ነው። ግማሹ «ላቡ» የሚለውን አይቶ ማክሰኞ አለ፣ ግማሹ ረቡዕ አለ። ባለፈው ዓመት ቀን ተሳስተው ጀልባው ያመለጣቸው እናቶች አሉ፤ ስለዚህ ጠቡ የቀልድ አልነበረም።

ሁሉም ወደ ኬኬልዋ ዞሩ። «ቲቸር፣ አንቺ ንገሪን!»

መልሱን ታውቀዋለች። ዶክተሯ ከኋላ ደብተራቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። አስተማሪ አስተማሪነቷን የምታሳይበት ሰዓት ቢኖር ይህ ነው። ኬኬልዋ ግን እጆቿን ጭኗ ሥር አድርጋ ተቀመጠችባቸውና «እኔ ዛሬ መነጽር አልያዝኩም» አለች። መነጽሩ አፍንጫዋ ላይ ነበር።

ሳቁ። ከዚያ ተነስተው ማስታወቂያውን ከበቡት። ንዳቴ ሙኬላባይ «መጀመሪያውን ተዉት፤ ታንኳ የሚለየው በኋላው ነው፣ መጨረሻውን እዩ» አሉ። ሴፒሶ ጣቷን ከፊደል ፊደል እያስኬደች፣ እየተሳሳተች፣ እየተመለሰች፣ ሌሎቹም እያረሟት… «ላ… ቡ… ላ… ሉ። ላቡላሉ! ረቡዕ ነው! ብያችኋለሁ፣ ረቡዕ ነው!» እልልታው ውኃው ላይ ተሻገረ። ማክሰኞ ብላ የተከራከረችው ሴት ሄዳ ራሷ አነበበችው፤ ከዚያ ተመልሳ በቁጣ ተቀመጠች።

ዶክተሯ ደብተራቸውን ዘጉ። ገንፎና ዓሣ ቀረበላቸው፣ በሉ፣ አመሰገኑ፣ ጫማቸውን ፈልገው ሄዱ። ኬኬልዋ በዚያው ማታ ደወለችልኝ። «አለቀልኝ» አለች። «አላስተማርኩም እኮ! እጄ ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። ከሉሳካ ድረስ በመኪና፣ ከዚያ ደግሞ በታንኳ ተጉዘው የመጡት እኔ ስቀመጥ ለማየት ነው?» እኔም ከስኳሩ ወዲህ ምክር መስጠት ፈርቼ ነበር።

ውጤቱ አስራ ሁለት ቀን ቆየ። ኖሲኩ እንደምትለው እነዚያን ቀኖች እህቷ ጨው ሁለት ጊዜ ጨምራ፣ ወይም ጭራሽ ረስታ አበሰለች። በአስራ ሦስተኛው ቀን ከሰዓት ውጤቱ በስልኳ መጣ። አነበበችውና እደጁ ላይ መሬት ቁጭ ብላ አለቀሰች። ኖሲኩ ከጓዳ በርራ ወጣች።

«ማን ሞተ?»

«ማንም።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል? ነፍሴን አወጣሽው እኮ!»

«አለፍኩ! ኖሲኩ፣ አለፍኩ!» ስልኩን አነሳችና አነበበችላት፦ «ማስታወቂያው ሲነበብ አስራ አንድ ደቂቃ ዝም ብለዋል። ሰዓቴን ይዤ ነበር። ከስምንት ዓመት ወዲህ ካየኋቸው ክፍሎች ይህን የሚያህል የለም። ሰማንያ ሁለት።»

«ዝም ስላልሽ ነው ነጥቡን የሰጡሽ?» አለች ኖሲኩ። «እኔማ አርባ ዓመት ሙሉ ዝም በዪ ስልሽ የኖርኩ ነኝ፣ ለእኔ ስንት ሊሰጡኝ ነው?» ይህን ብላ እሷም አጠገቧ መሬት ቁጭ አለች፤ ሁለቱ ሴቶች ተያይዘው ሲስቁ የጎረቤት ሰው ወጥቶ አያቸው።

የመመረቂያ ጽሑፏ የሉታንጎ ሰዎች ትምህርቱን ለምን እንደተዉና ለምን እንደተመለሱ የሚናገር ነው። ንዳቴ ሙኬላባይ፣ ሴፒሶ፣ ሌሎቹም በራሳቸው አፍ ተናግረውበታል። የራሷንም ጥፋት ሳትሸፍን ጻፈችው። የሴፒሶ ባል ስልኩን እያየ የሚስቀው በምን እንደሆነም በግርጌ ማስታወሻ አለ፤ እናቱ የምትልክለት የዶሮዎቿ ወሬ ነው።

የምረቃ ዕለት ጋውኑ ረዝሞባት በሁለት እጇ ሰብስባ ነው መድረክ የወጣችው። በማግሥቱ አብረን ወደ ሞንጉ ተሳፈርን፤ እኔ ወደ ሴናንጋ የምቀጥል ነኝ። የቢሮው ደብዳቤ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር፤ ሥራ የምትጀምረው ሰኞ ነው። አውቶቡሱ ገና ከሉሳካ ሳይወጣ ራሷን መስኮቱ ላይ አሳርፋ እንቅልፍ ወሰዳት። ካፉዌን ስንሻገር ሰዉ ሁሉ እየተንጠራራ ወንዙን አየ። የዱር አራዊቱ ጥብቅ ቦታ ስንደርስ አምስት ዝሆኖች መንገዱን ሊያቋርጡ ወጡና ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ፤ ልጆች ጮኹ፣ ሴቶች ስልካቸውን አወጡ። አንዲት አሮጊት ከፊት ወንበር ዞር ብለው «ሴትዮዋን ቀስቅሳት እንጂ፣ ዝሆን እኮ ነው!» አሉኝ።

አየኋት። አፏ ትንሽ ተከፍቷል፣ ግንባሯ ላይ አንድም ሽብሽብ የለም።

«ዝሆኑ ይለፋት እናቴ፣ ትተኛ» አልኳቸው።